ሎግላይን የፊልሙ መልእክት አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው ቅዳሜ በወጣው እትማችሁ የኪነ ጥበብ ገጽ ላይ ለጀማሪ የፊልም ጸሐፊዎች የቀረበውን ምክር ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አነበብሁት። ስለ ፊልም ጽሑፍ አሠራር በአማርኛ የሚጻፈው እጅግ ጥቂት በሆነበት ጊዜ ጋዜጣችሁ ለጉዳዩ ግማሽ ገጽ መስጠቱ ያስመሰግነዋል። ሆኖም ጸሐፊው ሎግላይን የሚባለውን ነገር «የፊልሙ መልእክት በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲገለጽ» ብለው የፈቱበት አንቀጽ ስሕተት አለበት። ስሕተቱም በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ ወጣቶች ወራት የደከሙበት ሥራ ሳይነበብ እንዲመለስ ምክንያት ስለሚሆን፣ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሥቻለሁ።

እኔ እዚህ ድሬዳዋ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከዚራ በሚባለው ሠፈር ውስጥ በተፈቀደልን አንድ ክፍል ፊልም መጻፍ ከሚፈልጉ ወጣቶች ጋር ተቀምጬ የጻፉትን አነባለሁ፤ እነሱም የእኔን ያነባሉ። የእናንተን እትም ይዞልኝ የመጣው ከእነዚሁ ወጣቶች አንዱ ነው። ለአንድ የጽሑፍ ውድድር የሚልከውን ሎግላይን በጋዜጣው ምክር መሠረት አዘጋጅቶት ነበር። እንዲህ ይላል፦ «ትዕግሥትና ታታሪነት ያለው ሰው በመጨረሻ ካሰበው ቦታ እንደሚደርስ የሚያስተምር ልብ የሚነካ ታሪክ።» ልጁ የጻፈው ታሪክ በእርግጥ ምን እንደሆነ በኋላ እመለስበታለሁ፤ ለጊዜው ግን አንባቢ ይፍረድ፤ ከዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሰውየው ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚኖር፣ ምን እንደደረሰበት ማወቅ የሚችል ሰው አይገኝም። ዓረፍተ ነገሩ የሺህ ፊልም ነው፤ የሺህ ከሆነ ደግሞ የእሱ አይደለም።

ሎግላይን ማለት አንድ ሰው ምን ደርሶበት ምን ለማድረግ እንደተነሣ፣ በመንገዱ ላይ ማን ወይም ምን እንደቆመበት፣ ባይሳካለት ምን እንደሚያጣ በአንድ፣ ቢበዛ በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚናገር ጽሑፍ ነው። መልእክት ተመልካቹ ከአዳራሽ ሲወጣ ይዞት የሚሄደው ነው። ሎግላይን ግን ፊልሙ ገና ሳይቀረጽ፣ ጽሑፉን ላንብብ ወይስ ልተወው፣ ገንዘብ ላውጣበት ወይስ ይቅርብኝ እያለ ለሚያመነታ ሰው የሚቀርብ ነው። ይህ ሰው ሊያውቅ የሚፈልገው የሚሆነውን ነገር ነው፤ ምን እንደሚማርበት የሚያስበው ታሪኩን ካወቀ በኋላ ነው።

የስሕተቱ ምንጭ የትርጉም ይመስለኛል። በውድድር ቅጾችና በሥልጠና ወረቀቶች ላይ ሎግላይን «ፍሬ ሐሳብ»፣ «ጭብጥ» ወይም እንደ እናንተ ጸሐፊ «መልእክት» እየተባለ ሲተረጎም ደጋግሜ አይቻለሁ። ፍሬ ሐሳብህን ጻፍ የተባለ አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ምክር ይጽፋል፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ «ከዚህ ምንባብ ምን ተማራችሁ?» እየተባለ ያደገ ነውና አይፈረድበትም። ስለዚህ ተስማሚ የአማርኛ ቃል እስኪገኝለት ድረስ «ሎግላይን» የሚለውን እንዳለ መያዙ ይሻላል ባይ ነኝ። ስያሜውን በተመለከተ፣ በቀድሞዎቹ የሆሊውድ ስቱዲዮዎች የሚገቡ ጽሑፎች በመዝገብ ሲሰፍሩ ከርእሳቸው ጎን ታሪካቸውን በአንድ መስመር የማስቀመጥ ልማድ እንደነበረና ቃሉም ከዚያ እንደመጣ ይነገራል። ሎግ መዝገብ፣ ላይን መስመር ነውና «የመዝገብ መስመር» ብንለው ከትርጉሙ ብዙ አንርቅም። የመዝገብ ጸሐፊ ደግሞ የሚመዘግበው የሆነውን ነገር ነው።

በዚያው አገር ዛሬም ጽሑፍ ለማንበብ የሚቀጠሩ ሰዎች አሉ። አንባቢው ጽሑፉን ጨርሶ በሚያዘጋጀው ዘገባ ላይ በመጀመሪያ ሎግላይኑን ራሱ ይጽፋል፣ ቀጥሎ የታሪኩን አጭር ይዘት፣ ቀጥሎ አስተያየቱን፣ በመጨረሻም «አይሆንም»፣ «ይታሰብበት» ወይም «እንዲሠራ እመክራለሁ» የሚል ፍርዱን ያሰፍራል። ስለዚህ ደራሲው ሎግላይን ባይጽፍም ሌላ ሰው ይጽፍለታል ማለት ነው። ያ ሰው መቶ ገጽ አንብቦ አንድ መስመር ማውጣት ሲያቅተው ጉድለቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በታሪኩ ውስጥ ነው።

ይህን ያወቅሁት በራሴ ደርሶ ነው። ከዓመታት በፊት ስለዚህችው ከተማ የምድር ባቡር ሠራተኞች 112 ገጽ የፊልም ጽሑፍ ጻፍሁ። አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ያህል ይወስዳል በሚለው የተለመደ ስሌት ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ፊልም መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ለሚገኝ አንድ ፕሮዲውሰር ላክሁለት። ከሁለት ወር በኋላ ደወለና ገና እንዳላነበበው በትሕትና ከነገረኝ በኋላ «መምህር፣ ታሪኩ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ከተማዋ እንዴት እንደተቆረቆረች፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ ምን እንዳለፈ፣ የወርክሾፑ ሠራተኞች ፈረንሳይኛውን ከአማርኛ፣ ከኦሮምኛና ከሶማሊኛ ጋር እያዋሓዱ እንዴት ይነጋገሩ እንደነበር፣ የአንድ ቤተሰብ ሦስት ትውልድ እንዴት እንደተዋደደና እንደተጣላ ተረክሁለት። ሩብ ሰዓት ያህል ሳያቋርጠኝ አዳመጠኝ። ከዚያም «ሁሉም ደስ ይላል፤ ግን እኔ ማንን ልከተል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ጽሑፉም ሳይነበብ ቀረ።

ብዙ ጊዜ በሰውየው አዝኜበት ኖሬአለሁ። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ከዓመት በኋላ ጽሑፉን ከመሳቢያ አውጥቼ፣ ሌላውን ሁሉ ትቼ ለዚያች ጥያቄ ብቻ መልስ ስፈልግ ከብዙ ሙከራ በኋላ የሚከተለውን አገኘሁ፦ «ጡረታ የወጣ የባቡር ነጂ፣ በወርክሾፑ የቀረው የመጨረሻ ሎኮሞቲቭ ለቁርጥራጭ ብረት ሊሸጥ ሦስት ቀን እንደቀረው ሲሰማ፣ የተበተኑ የሥራ ጓደኞቹን ሰብስቦ ባቡሩን በሌሊት አስነሥቶ ሊያሸሸው ይነሣል።» ይህን ዓረፍተ ነገር በእጄ ይዤ ወደ 112ቱ ገጾች ስመለስ፣ ይህ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየው በ71ኛው ገጽ ላይ ሆኖ አገኘሁት። ሰባ ገጽ ሙሉ የጻፍሁት ታሪኬ ከመጀመሩ በፊት የነበረውን ነበር። የእነዚያ ሰባ ገጾች እያንዳንዱ ትዕይንት ሲነበብ አይከፋም፤ አንዳንዱን ዛሬም እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ለዚህ ሰው፣ ለዚህ ባቡርና ለእነዚህ ሦስት ቀናት የሚያበረክተው አንዳች ነገር አልነበረም። ጽሑፉን ከመጀመሬ በፊት ሎግላይኑን ጽፌው ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ድካም ባልደከምሁ ነበር።

ጸሐፊያችሁ ሎግላይን ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ለሽያጭ የሚዘጋጅ ነው ማለታቸውን ያልተቀበልሁት ስለዚህ ነው። ለሽያጭም ይጠቅማል፤ ዋና አገልግሎቱ ግን ለጸሐፊው ለራሱ ነው። «ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ» እንደሚባለው ሥሩን አስቀድሞ ያሳያል፤ ሥር ከሌለውም አለመኖሩን ያሳያል።

የገበያ ሰዎች ያመጡት አዲስ ልማድ ነው ለሚሉ ደግሞ የጥንት ምስክር አለኝ። አርስቶትል ስለ ግጥምና ድራማ ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ 17ኛ ምዕራፍ ላይ፣ ባለ ድርሰቱ ታሪኩን አስቀድሞ በጥቅሉ እንዲያወጣና ዝርዝሩን ከዚያ በኋላ እንዲሞላ ይመክራል። ለአብነትም 24 ክፍል ያለውን የሆሜርን «ኦዲሲ» በጥቂት መስመር ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል። አንድ ሰው ለብዙ ዓመታት ከአገሩ ርቋል፤ የባሕር አምላክ ይከታተለዋል፣ ብቻውንም ቀርቷል፤ በቤቱ ሚስቱን ለማግባት የሚሹ ሰዎች ንብረቱን ይጨርሳሉ፣ በልጁ ላይም ያሤራሉ፤ እሱ ከማዕበል ተርፎ ይደርሳል፣ ራሱን ይገልጣል፣ ጠላቶቹን አጥፍቶ ይድናል። የታሪኩ ዋናው ይህ ነው፣ ሌላው በመካከል የገባ ነው ይላል። እኔን በዚህ ውስጥ የሚያስደንቁኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ የባለታሪኩን ስም አልጠራም፤ «አንድ ሰው» ብሎ አለፈ። ሁለተኛ፣ ታሪኩ ስለ ታማኝነት ወይም ስለ ትዕግሥት ነው የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም፤ ለመናገር ግን ከእሱ የተሻለ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ወጣቱ ልመለስ። ወረቀቱን አስቀምጦ ታሪኩን በአፉ እንዲነግረኝ ስጠይቀው «ቲቸር፣ የጫት መኪና ሹፌር ነው» ብሎ ጀመረ። ታታሪነት የሚለው ቃል ወዲያው ጠፋ። ጻፈው አልሁትና እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ከአወዳይ ወደ ጅግጅጋ ጫት የሚያመላልስ አይሱዙ ሹፌር በመንገድ ላይ ብዙ ችግር ይገጥመዋል።» ይህ ከቀድሞው በብዙ ይሻላል፤ ሰው አለ፣ ሥራ አለ፣ መንገድ አለ። «ብዙ ችግር» የሚለው ግን ባዶ ዕቃ ነው። የምሥራቁን መንገድ የሚያውቅ ሰው የጫት መኪና ለምን እንደሚከንፍ ያውቃል፤ ጫት ከተቀጠፈ በኋላ በቶሎ ይጠወልጋል፣ የጠወለገ ጫትም ገዢ የለውም። እንግዲህ ልጁ የመረጠው ሙያ ሰዓት ቆጣሪ በውስጡ ተሸክሞ የመጣ ሙያ ነው፤ ሌላ ጸሐፊ ቦምብና የጊዜ ገደብ የሚፈጥርበትን ጭንቀት እሱ ከአንድ ገበያ በነጻ አግኝቶታል። ችግሩ ያገኘውን አለማየቱ ነበር። «ከችግሮቹ ሁሉ አንዱን ብቻ ያዝ ብልህ የትኛውን ትይዛለህ?» አልሁት። ረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «ልጅቷን» አለኝ።

ስለ ልጅቷ እስከዚያ ሰዓት ድረስ አንድም ቃል አልተናገረም ነበር። ለካ ሹፌሩ በሐረርና በጅግጅጋ መካከል ባለችው ባቢሌ ላይ ጭነቱን ሊያስተካክል ሲወርድ ከጫቱ ሥር ተደብቃ ያገኛታል፤ ሊጠልፏት ከመጡ ሰዎች አምልጣ ነው፤ እናቷ ሐረር ናት። ሹፌሩ ደግሞ ቤቱን ያስያዘበት ዕዳ አለበት፤ ያ ጭነት ካልተሸጠ ቤቱ ይሄዳል። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ጸጥ አሉ። አንዲት ልጅ «ከዚያስ?» አለች። እኔ ለልጁ የነገርሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሁን የተናገርኸውን ጻፈው አልሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከብዙ መሰረዝና መደለዝ በኋላ ያመጣው ይህ ነው፦

«ዕዳ ያለበት የጫት መኪና ሹፌር ከጭነቱ ሥር ከጠለፋ ያመለጠች ታዳጊ ባቢሌ ላይ ሲያገኝ፣ ቤቱን የሚያሳጣውን ኪሳራ እያወቀ፣ ልጅቷን ለእናቷ ለማድረስ ጠላፊዎቿ በሚመጡበት በዚያው መንገድ መኪናውን ወደ ሐረር ያዞራል።»

እዚህ ውስጥ ደግነት የሚል ቃል የለም፤ ደግነቱ ግን ይታያል። መሥዋዕትነት የሚል ቃል የለም፤ የሚከፍለው ዋጋ ግን ተቆጥሮ ተቀምጧል። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያያል፤ ከባቢሌ ወደ ሐረር መመለስ ማለት ከገበያው መራቅና ከአሳዳጆቹ ጋር ፊት ለፊት መገናኘት ነው፤ ስለዚህ አንዲት መሪ ማዞር ሁለቱን አደጋ በአንድ ጊዜ ታመጣበታለች። ይህን ያመጣው መልክዓ ምድሩ ነው። ወጣቶቻችን የማያውቁትን የአዲስ አበባ ቪላና የውጭ አገር የወንጀል ቡድን ትተው የሚኖሩበትን መንገድ ቢመለከቱ ሎግላይናቸው ግማሹ ተጽፎ ያገኙታል።

ይህ ዓረፍተ ነገር 28 ቃላት አሉት። የእንግሊዝኛ መማሪያዎች ከ25 እስከ 35 ቃላት ይመክራሉ፤ ይህን ቁጥር እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት ግን ተገቢ አይመስለኝም። እኛ «ስላልነገረችው» ብለን በአንድ ቃል የምንጨርሰውን እንግሊዝኛ በስድስት ቃል ይናገረዋል፤ ስለዚህ 35 የአማርኛ ቃላት የያዘ ሎግላይን ሸክም የበዛበት ነው። እኔ ለልጆቹ ከ30 እንዳያልፉ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በአንድ ትንፋሽ እንዲነበብ አድርጉት እላቸዋለሁ።

ከቃላት ብዛት ይልቅ በአማርኛ ሊታሰብበት የሚገባው የግሡ ቦታ ነው። በእንግሊዝኛ ባለቤቱ ከፊት ይመጣል፣ ግሡም ወዲያው ይከተለዋል፤ በእኛ ቋንቋ ግሡ መዝጊያ ነው። አንባቢው ዓረፍተ ነገሩ እስኪዘጋ ድረስ ሰውየው ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ይህ ለሎግላይን ትልቅ ጸጋ ነው፤ ሁኔታው፣ ዕዳው፣ አደጋው እየተደራረበ ይመጣና በመጨረሻው ቃል ላይ ውሳኔው ይወድቃል። ከላይ ባለው ምሳሌ «ያዞራል» የሚለው ቃል ወደ መካከል ቢገባ ኃይሉ በግማሽ ይቀንስ ነበር። ይሁን እንጂ ጸጋው በቀላሉ ይባክናል። አንዳንዱ ጸሐፊ «የ» የሚል ቅጥያ ያላቸውን ሐረጎች እርስ በርስ እየሰካካ «በልጅነቱ ወላጆቹን ያጣ፣ በአጎቱ ቤት ያደገ፣ የትምህርት ፍቅር ያለው፣ የሠፈሩ ሰው የሚወደው» እያለ ግሡ ጋ ሳይደርስ አንባቢውን ያደክማል። ሌላው ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን «የሚያሳይ ፊልም ነው»፣ «የሚዳስስ ፊልም ነው»፣ «የሚያስተምር ፊልም ነው» በሚል ይዘጋዋል። እዚህ ላይ የሆነውን በጥንቃቄ ብንመለከት፣ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሰውየው መሆኑ ቀርቶ ፊልሙ ሆኗል፤ የሚያደርገው ሰውየው መሆኑ ቀርቶ የሚያሳየው ፊልሙ ሆኗል። እስካሁን በእጄ ካለፉት ሎግላይኖች አብዛኞቹ የተበላሹት በዚህች የመጨረሻ ግሥ ነው። «ይጋፈጣል» እና «ይታገላል» የሚሉትም ቢሆኑ ድርጊት የሚመስሉ ግን የማይታዩ ግሦች ናቸው፤ ካሜራ «መጋፈጥን» መቅረጽ አይችልም፣ መኪና ሲዞር ግን ይቀርጻል።

ስም ላይ ብዙም አልቆይም። በሎግላይን ውስጥ የባለታሪኩ ስም አይጠራም፤ ያልተነበበ ጽሑፍ ውስጥ ያለ ስም ለአንባቢው ምንም አይነግረውም። በእኛ አካባቢ እንዲያውም የሰው ስም ስለ ታሪኩ ሳይሆን ስለ ሃይማኖቱና ስለ ብሔሩ ቀድሞ ይናገራል፣ አንባቢውም ባልታሰበ ሐሳብ ይወሰዳል። በስሙ ፋንታ ማንነቱን የሚገልጽ ሙያና አንድ ቅጽል ይበቃል።

ቅጽሉ ግን በጥንቃቄ ሊመረጥ ይገባል። «ደግ»፣ «ቆንጆ»፣ «ምስኪን» የሚሉት ታሪክ አያንቀሳቅሱም። የሚያንቀሳቅሰው ከሰውየው ዕጣ ጋር የሚጋጭ ቅጽል ነው። ከሐረር እየተመላለሰች የምትሳተፍ አንዲት ልጅ ከጁገል ግንብ ውጭ በየምሽቱ ጅብ ስለሚመግብ ሰው ልትጽፍ ፈልጋ፣ በመጀመሪያ «ጎበዝና ደፋር የጅብ መጋቢ» ብላ ጽፋ መጣች። ደፋር ሰው ጅብ ቢመግብ ምን ይደንቃል? በሚቀጥለው ቅዳሜ «ጅብ የሚፈራ የጅብ መጋቢ ልጅ፣ አባቱ ሲታመም…» ብላ ስትጀምር የቀረውን ሳትናገር ሁላችንም ታሪኩን ማየት ጀመርን። የቀየረችው አንድ ቅጽል ብቻ ነው።

ሌላው ብዙ ወጣቶች የሚሳቱበት ክስተትን ከታሪክ ጋር ማምታታት ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን የቀጠፈበትን አደጋ እዚህ ከተማ የማያስታውስ ቤት የለም፤ ስለሆነም በየዓመቱ ስለ ጎርፉ ልጻፍ የሚል ወጣት ይመጣል፣ እኔም ጻፍ እላለሁ። ሎግላይኑ ግን ዘወትር «በድሬዳዋ የደረሰውን አሰቃቂ የጎርፍ አደጋ የሚዘክር» የሚል ይሆናል። አደጋው የሁላችን ነው፤ ፊልም ግን አንድ ሰው ይፈልጋል፣ ያም ሰው በዚያ ሌሊት የሚፈልገው አንድ ነገር ሊኖረው ይገባል። አንዱ ልጅ በመጨረሻ የጻፈውን ልጥቀስ፦ «ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከዚራንና መጋላን ሲለያይ፣ ሕፃን ልጇን ማዶ አሳድራ ለሥራ የወጣች እናት ሳይነጋ ልትደርስለት ሰው ሁሉ ወደሚሸሸው ወንዝ ትወርዳለች።» የሟቾቹ ብዛት አልተጠቀሰም። እኔ ግን ይህን ሳነብ የዚያን ሌሊት ከባድነት ከየትኛውም ዘገባ ይበልጥ ተሰማኝ፤ ያን ቀን ይህን ባነበብንበት ክፍል ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ጸሐፊያችሁ በአንድ ነጥብ ላይ ልክ ናቸው፤ እኛ በምሳሌና በሰምና ወርቅ የምንነጋገር ሕዝብ ነን፣ የፊልም ጽሑፋችንም ይህን ሊንቅ አይገባም። ነገር ግን ከዚህ ተነሥተው ሎግላይን ውስጥ ጥልቅ መልእክት መግባት አለበት ያሉት እኔን ወደ ተቃራኒው ይወስደኛል። በቅኔ ቤት ሰሙ ሳይጸና ወርቁ አይወጣም። በሎግላይን የሚጻፈው ሰሙ ነው፤ ሹፌሩ፣ ጭነቱ፣ ልጅቷ፣ መንገዱ። ወርቁን ለፊልሙ መተው ይገባል። ከቃል ሀብታችን ለሎግላይን የሚቀርበው እንዲያውም ተረትና ምሳሌ ሳይሆን እንቆቅልሽ ይመስለኛል። ምሳሌ ነገሩን ፈርዶ ይዘጋዋል። እንቆቅልሽ ጠያቂ ግን መልሱን ለማግኘት የሚያስፈልገውን ምልክት ሁሉ በታማኝነት ይሰጥና መልሱን ራሱን ይይዛል፤ ያልመለሰ ሰውም አገር ሰጥቶ እስኪያውቀው ድረስ ዕረፍት የለውም። ሎግላይንም ሁኔታውን ሁሉ ግልጽ አድርጎ ፍጻሜውን ይይዛል። ፍጻሜው የሚነገረው የታሪኩ አጭር ይዘት በሚጻፍበት በሲኖፕሲሱ ላይ ነው። ይህን የሚያምታቱ አሉ፤ በሲኖፕሲስ ላይም ፍጻሜውን ደብቀው «ምን ይፈጠር ይሆን?» ብለው ይተዉታል፤ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ግን የታሪኩን መጨረሻ ማወቅ መብቱ ነው። በፖስተር ላይ ለተመልካች የሚጻፈው ማራኪ ሐረግ ደግሞ ታግላይን ይባላል፤ ሌላ ነገር ነው።

ሎግላይኑ ይሠራ እንደሆነ የሚፈተንበት መንገድ ብዙ ነው። እኔ ልጆቹን የማዝዛቸው ባጃጅ ላይ ነው። ከከዚራ ወደ ሳቢያን ሲሄዱ ለሹፌሩ ወይም አጠገባቸው ለተቀመጠ ተሳፋሪ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያለ ማብራሪያ እንዲናገሩት እጠይቃለሁ። ሰሚው «ጎበዝ፣ በርታ» ካለ አልሠራም፤ ያ የተነገረው ለልጁ እንጂ ለታሪኩ አይደለም። «ከዚያስ?» ወይም «አገኛት?» ብሎ ከጠየቀ ሠርቷል። የጫቱን ሹፌር ታሪክ የሰሙ አንድ እናት ከባጃጅ ከወረዱ በኋላ ተመልሰው «ልጄ፣ ቤቱን ወሰዱበት?» ብለው እንደጠየቁት ልጁ በደስታ ነግሮኛል።

ክቡር አዘጋጅ፣ ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮችን በአክብሮት እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው፣ በዚያው ገጽ ላይ የሎግላይን ፍቺ እንዲታረም ነው። ጋዜጣችሁ በምሥራቁም ሆነ በሌላው ክፍለ ሀገር መጽሐፍ ለማይደርሳቸው ጀማሪዎች እንደ መማሪያ የሚቆጠር መሆኑን እናንተም ታውቃላችሁ። ሁለተኛው፣ አዳዲስ ፊልሞችን በምታስተዋውቁበት ዓምድ «ልብ አንጠልጣይ የፍቅር ፊልም» ከሚለው ይልቅ ፊልሙ ውስጥ ማን ምን እንደሚያደርግ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲገለጽ፣ ፕሮዲውሰሮቹንም ይህን እንድትጠይቋቸው ነው፤ ወጣቶች በየሳምንቱ የሚያነቡት ምሳሌ ከየትኛውም ምክር የበለጠ ያስተምራቸዋልና። ሦስተኛው፣ የውድድር ጥሪ ስታትሙ በቅጹ ላይ «የፊልሙ መልእክት» ወይም «ፍሬ ሐሳብ» የሚል ቦታ ካገኛችሁ፣ አዘጋጆቹ በምትኩ ባለታሪኩ ማን ነው፣ ምን ደረሰበት፣ ምን ይፈልጋል፣ ምን ይከለክለዋል፣ ባያገኘው ምን ያጣል ብለው እንዲጠይቁ እንድታሳስቡልን ነው።

ከላይ የጠቀስሁት ወጣት ጽሑፉን የሚልከው በሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ነው። በቅጹ ላይ «የፊልሙ ፍሬ ሐሳብ» በሚለው ቦታ እነዚያን 28 ቃላት ጽፎበታል። ለዚያው ውድድር የሚዘጋጁ ሌሎችም የእናንተን እትም አንብበው «የሚያስተምር» እያሉ እየጻፉ እንደሆነ ሰምቻለሁና፣ ማስተካከያው ቢቻል በመጪው ቅዳሜ እትም ላይ ይውጣልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአማርኛ መምህር
ከዚራ፣ ድሬዳዋ